ሁለት ክንድ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
ጥላዬን ተክዬ፣ ዱካዬን አስጠግቼ ከባሕር ዛፉ ዳር፣
ሃያ ስድስት ዓመት አቤቱታ ጻፍኩኝ፤
«ሴት ራፖር ጸሐፊ!» ብለው የሳቁብኝ
ኋላ እነሱም መጡ፣ ተሰለፉልኝ።

ገጣሚ አይደለሁም፤ ቤት መምታት አላውቅም፤
የማውቀው ቤት ቢኖር ፍርድ ቤት ነው፣ እርሱንም
ከደጁ ነው እንጂ ዘልቄ አላየሁም።

አንጓች የመጣች ዕለት ሐምሌ ነበር፣ ጭቃ፤
የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮውን ፈታች፣ ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ።
ሳንቲም መስሎኝ ነበር፤ አፈር ሆኖ ወጣ፣
ከላህ ወንዝ ማዶ፣ ከበርበሬ ማሳዋ የመጣ።
«ባሌ ከሞተ ወዲህ ወንድሙ ድንጋዩን
በየክረምቱ ይገፋል፣ ይበላል ማሳዬን፤
ዘንድሮስ ሁለት ክንድ…» ብላ ክንዷን ዘረጋችው፤
በጀርባዋ ያለችው ልጅ በዓይኗ ተከተለችው።

ካርቦን አነባብሬ በሦስት ቅጂ ጻፍኩት፤
«ሁለት ክንድ» የሚለውን ከሥሩ አሰመርኩት።

ቀጠሮ። ዳኛው ታመመ። ቀጠሮ።
ምስክር ቀረ፤ መዝገብ ጠፋ። ቀጠሮ።
ሰባት ዓመት አለፈ እንዲህ ተቆጥሮ።
በመጨረሻ የመሬቱ ደብተር ወጣ፣ ፎቶዋ ተለጥፎ፣
ስሟ፣ የራሷ ስም፣ ከላይ ተጽፎ።
ያን ቀን ሳቀች አንጓች፣ ጥርሷን ሳትከልል።
ድንጋዩ ግን… ድንጋዩ ዛሬም እዚያው ነው፣ ሁለት ክንድ ያህል።

ትርንጎ፣ ያቺ ሕፃን፣ ቀጠሮ ስንጠብቅ አደገች፤
ፊደልም ከእግሬ ሥር፣ ከተበላሸ አቤቱታ ጀርባ ለየች።
«ዳኛ ምን ይሠራል?» አለችኝ አንድ ማለዳ።
«መስመር ይጠብቃል» አልኳት፣ ሥራ ይዤ፣ ሳልሰናዳ።
ዕድሜዋ ሲደርስ መስመር ጠበቀች፤ ግን በኳስ ሜዳ።

ያን እሑድ ከቡሬ ጋር ነው። ሜዳው ጢም ብሏል።
ጥቁር ቁምጣ ለብሳ ስትገባ ግማሹ ስቋል፣
ግማሹ «ሂጂ ወደ ጓዳሽ!» ብሏል።
አንዱማ «ፊሽካውን ለወንድምሽ ስጪው!»
(ወንድም የላትም። ማን በነገረው።)

ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፤ ባዶ ለባዶ።
የቡሬው ዘጠኝ ቁጥር መታ፤ ኳሷ አግዳሚውን ገጭታ ወረደች ከማዶ፣
ነጥራ ተመለሰች። በረኛችን ማለ፤
«መስመር አላለፈችም!» ከተማው በሙሉ «አላለፈችም» አለ።

ዘጠኝ ቁጥሩ ማን ነው? አላምረው! የአጎቷ ልጅ፤
ያኔ በቀጠሮው ቀን፣ እዚሁ እኔ ደጅ፣
ድንጋይ ከገፋው አባቱ ጎን ቆሞ
ሸንኮራ ሲግጥ አውቀዋለሁ፣ ደግሞ ደጋግሞ።
እኔም «አላለፈችም!» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ጮህኩኝ፤
ሃያ ስድስት ዓመት የጻፍኩትን በአንድ ትንፋሽ ሻርኩኝ።

ኳሷ ከመስመሩ ሁለት ክንድ አልፋ ነበር።
ትርንጎ አይታለች። ፊሽካ። ከዚያ ክንዷ፣
ወደ መሐል ሜዳ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ድንበር።

ድንጋይ ተወረወረ። የውኃ ላስቲክ። ስድብ የእናት፣
እናቷ ከጎኔ ሳለች። ዞሬ አየኋት፤
አንጓች አልተነሣችም። ነጠላዋን አጣፋች።
«አልፋለች» አለች ቀስ ብላ፣ «አየኋት፤ አልፋለች።»
ቆይታ፣ ሕዝቡ መበተን ሲጀምር፣
«ይቺን ዳኛ ያኔ…» አለችና ተወችው፣ ሳትጨርስ ነገር።

አላምረው ሲወጣ ቆም ብሎ አያት፤ ምንም አላለ።
ድንጋዩስ ብትሉኝ፣ እንዳለ አለ።

ሰኞ ጠዋት ዱካዬ ላይ ነኝ። ካርቦን አልቆብኛል።
አንዲት ልጅ ቋጠሮ ይዛ ቆማለች፤ መጠበቅ ታውቃለች ይመስለኛል።
ገጣሚ አይደለሁም ብያለሁ። ይህንንም የጻፍኩት
ከተበላሸ አቤቱታ ጀርባ ነው፤
ቴምብር የለውም፤ ቀጠሮ አልያዝኩለት።